ስለ ቦክሰኛ ዋጋና ስለ ግጥሚያ አዘጋጅ ንግድ

በቆቦ ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ማሽላም ሆነ ጤፍ የሚሸጠው በሚዛን ላይ ወጥቶ፤ ሻጭም ገዢም እያየው ነው። በሬና ግመል ግን በሚዛን ስለማይሸጡ ዋጋቸውን የሚያቀራርበው በመካከል የቆመው ደላላ ነው። ከዞብል ተራራ ማዶ ከአፋር በኩል ግመሉን እየነዳ የመጣ ሰው፤ ደላላው ለገዢው በጆሮው የነገረውን ዋጋ ስለማይሰማ፤ የተቀበለውን እንጂ የተሸጠበትን ሳያውቅ ወደ አገሩ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ደላላው ሐቀኛ የሆነ እንደ ሆነ ሦስቱም ተጠቅመው ይለያያሉ፤ ሐቀኛ ያልሆነ እንደ ሆነ ግን ግመሉን ያሳደገው ሰው ከሦስቱ ሁሉ ያነሰውን ይዞ ይሄዳል።

በዓለም ላይ ብዙ ገንዘብ ከሚንቀሳቀስባቸው ገበያዎች መካከል በዚሁ ዓይነት የሚሠራ አንድ ገበያ አለ፤ እርሱም የቦክስ ግጥሚያ ገበያ ነው። ቦክሰኛ ከግጥሚያው በፊት በሕዝብ ፊት በሚዛን ላይ ወጥቶ ይመዘናል። ክብደቱ ከውሉ ግማሽ ኪሎ እንኳ ቢያልፍ ይቀጣል። ገንዘቡ ግን በፊቱ አይመዘንም። በአደባባይ የሚታየው ጡጫውና ደሙ ብቻ ነው፤ ሒሳቡ የሚያልቀው በዝግ ቤት ነው።

ይህ ጉዳይ የቆቦን ነጋዴ ምን ያገባዋል የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን አስተውሎ ለሚመለከት ያገባዋል። አንደኛ፤ ስፖርት የሚወዱ ወጣቶች ለመለያ ልብስ፣ ለጓንትና ለሽልማት መዋጮ ሲፈልጉ አስቀድመው የሚያንኳኩት የነጋዴውን በር ነው። ዛሬ መዋጮ የሚሰጥ ነጋዴ ነገ ትኬት ሽጦ ግጥሚያ ለማዘጋጀት ቢያስብ የሚያስገርም አይሆንም። ሁለተኛ፤ በራያ ቆላ ጉልበት እንጂ ሌላ ሀብት የሌለው ወጣት ብዙ ነው። ይህ ወጣት ለጉልበቱ በአገሩ ገበያ ሲያጣ፤ በአፋር በረሓ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፤ ከዚያም ባሕሩን ተሻግሮ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚወስደውን መንገድ ይይዛል። በዚያ መንገድ ላይ የሚቀበለው ሰውም ስሙ ደላላ ነው። እንግዲህ የወጣት ጉልበት በምን ዓይነት ውል ሊሸጥ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ለቦክስ ብቻ የሚቀርብ አይደለም።

የግጥሚያ ገንዘብ ከሦስት ምንጭ ይመጣል። የመጀመሪያው ተመልካች በበር የሚከፍለው የትኬት ዋጋ ነው። ሁለተኛው ግጥሚያውን በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት ለማሳየት የሚከፈለው ነው። ሦስተኛው ስማቸውን በመድረኩ ገመድና ወለል ላይ የሚያስጽፉ ነጋዴዎች የሚሰጡት ነው። አዘጋጁ ከእነዚህ ከሦስቱ የሚያገኘውን አስቀድሞ ይገምታል፤ ከግምቱም ላይ የአዳራሹን ኪራይ፣ የማስታወቂያውን፣ የሐኪሙን፣ የዳኛውንና የፈቃዱን ወጪ ይቀንሳል፤ ለቦክሰኞቹም ቁርጥ ዋጋ ይነግራል። የተረፈው የእርሱ ነው፤ የጎደለውም የእርሱ ነው። በዚህ አኳኋን ሲታይ አዘጋጁ እህል ከአውድማ ላይ በቁርጥ ገዝቶ ክረምት እስኪገባ በጎተራ የሚያኖር ነጋዴን ይመስላል።

ይህን ንግድ በትልቁ ከጀመሩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ቴክስ ሪካርድ ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1910 ጃክ ጆንሰንና ጄምስ ጄፍሪስ በሬኖ ከተማ በተገናኙ ጊዜ 101,000 ዶላር በማቅረብ ግጥሚያውን በጨረታ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ ጃክ ዴምፕሲ ከፈረንሳዩ ጆርጅ ካርፐንትየ ጋር ሲገጥም ከበር የተሰበሰበው ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በለጠ። ከዚያም ውስጥ ለዴምፕሲ 300,000፤ ለካርፐንትየ 200,000 ዶላር ተከፈለ። ስድስት ዓመት ቆይቶ ጂን ተኒ ዴምፕሲን በቺካጎ ሲያሸንፍ የደረሰው 990,445 ዶላር ነበር። ተኒ የ1 ሚሊዮን ዶላር ቼክ በእጁ መያዝ ስለ ፈለገ የጎደለውን ከኪሱ ለሪካርድ ሰጥቶ ሙሉ ቼክ አስጻፈ ይባላል። በእኛ ዘመንም እ.ኤ.አ. በ2015 ሜይዌዘርና ፓኪያው በላስ ቬጋስ ሲገጥሙ 4.6 ሚሊዮን ያህል ቤቶች ለቴሌቪዥኑ ገንዘብ ከፈሉ፤ ሁለቱም ገቢውን 60 ለ40 ተካፈሉ።

ወጣቱ በስልኩ የሚያየው ይህንን ነው። የማያየው ግን ከቦክሰኛው እጅ ላይ የሚቀነሰውን ነው። በቦክስ ዓለም የቆየው ልማድ የቦክሰኛው ወኪል ሲሶውን፤ አሠልጣኙም ከመቶ 10 ያህሉን እንዲወስዱ ነው። ሲሶ የሚለውን ቃል የአገራችን ገበሬ ማንም ሳያስተረጉምለት ያውቀዋል። አንድ ቦክሰኛ 100,000 ብር ተከፈለው እንበል። ወኪሉ 33,333 ብር ያነሣል፤ አሠልጣኙ 10,000 ብር ይወስዳል። በእጁ የሚቀረው 56,667 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለሁለትና ለሦስት ወር ልምምድ የበላበትና የተጓዘበት ወጪ፤ ለዋንጫ ግጥሚያም የሆነ እንደ ሆነ ለማኅበሩ የሚከፈለው፤ በመጨረሻም የመንግሥት ግብር ይነሣል። ስሙ በመቶ ሺህ የተጠራው ሰው ከእኩሌታው በታች ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህም ታማኝ ወኪል ያገኘው ነው።

ስማቸው ያልገነነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ይገጥማቸዋል። በእንግሊዝ አገር በትንንሽ አዳራሾች በሚደረጉ ግጥሚያዎች ጀማሪው ቦክሰኛ ብዙውን ጊዜ ቁርጥ ደሞዝ የለውም፤ ትኬቱን ራሱ ለዘመዶቹና ለጎረቤቶቹ ይሸጣል። ከሸጠውም ገንዘብ ላይ አስቀድሞ የተጋጣሚው ዋጋ ይነሣለታል፤ የተረፈ ካለ የእርሱ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ወጣት ለሳምንታት በየሱቁ ትኬት ሲያዞር ሰንብቶ፤ ተደባድቦና አሸንፎ፤ አንዳች ሳይቀረው የሚመለስበት ጊዜ አለ። ነጋዴ ይህን ሲሰማ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ኪሣራው ሁሉ በቦክሰኛው ትከሻ ላይ ተጭኗልና። ኪሣራ የማይደርስበት ሰው ስለ ምን ትርፍ ይከፈለዋል?

ከሁሉም ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የቲም ዊዘርስፑን ታሪክ ነው። ይህ አሜሪካዊ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1986 በለንደን ዌምብሊ ስታዲየም ከፍራንክ ብሩኖ ጋር ገጠመ። በ11ኛው ዙርም አሸነፈ። ተሸናፊው ብሩኖ 900,000 ዶላር ያህል ሲያገኝ፤ አሸናፊው ዊዘርስፑን ከሚጠብቀው 500,000 ዶላር የደረሰው 90,094 ዶላር ብቻ ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ አዘጋጁ ዶን ኪንግ ሲሆን የቦክሰኛው ወኪል ደግሞ የእንጀራ ልጁ ካርል ኪንግ ነበር፤ ወኪሉም ሲሶውን ሳይሆን እኩሌታውን ይወስድ ነበር። ለቦክሰኛው ዋጋ እንዲጨምር መከራከር የሚገባው ሰውና ዋጋውን ለመቀነስ የሚከራከረው ሰው በአንድ ማዕድ የሚበሉ ነበሩ። ዊዘርስፑን ክስ መሥርቶ ከብዙ ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 በ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስምምነት ጉዳዩ አለቀ። ማይክ ታይሰንም እ.ኤ.አ. በ1998 እዚሁ አዘጋጅ ላይ የ100 ሚሊዮን ዶላር ክስ አቅርቦ እ.ኤ.አ. በ2004 በ14 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ።

በከብት ገበያ የሻጩንም የገዢውንም እጅ በአንድ ጊዜ የያዘ ደላላ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። አሜሪካኖችም ይህን ተረድተው እ.ኤ.አ. በ2000 በመሐመድ ዓሊ ስም የተሰየመ የቦክስ ማሻሻያ ሕግ አወጡ። ሕጉ ሁለት ታላላቅ ነገሮችን አዘዘ። ወኪልና አዘጋጅ አንዱ በሌላው ጥቅም ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ፤ አዘጋጁም ከግጥሚያው የሚያገኘውንና ከቦክሰኛው ላይ የሚቀንሰውን ለቦክሰኛው እንዲገልጽ አስገደደ። በሌላ አነጋገር ደላላው በጆሮ የተናገረውን ዋጋ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲናገር ታዘዘ።

ይህ ማለት አዘጋጅ ሁሉ ቀማኛ ነው ማለት አይደለም። አዘጋጅ ከሌለ ግጥሚያ የለም። ገንዘቡን አስቀድሞ አውጥቶ ዝናብ ቢዘንብ፤ ቦክሰኛው በልምምድ ቢቆስል፤ ተመልካች ቢቀር፤ የሚከስረው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 መሐመድ ዓሊና ጆርጅ ፎርማን በኪንሻሳ ለመግጠም በተዋዋሉ ጊዜ ፎርማን በልምምድ ላይ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ግጥሚያው ከመስከረም ወደ ጥቅምት መጨረሻ ተላለፈ። ለሁለቱ ቦክሰኞች ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ዋስ የሆነው የዛየር መንግሥት ነበር። ግጥሚያውም የተደረገው ለአሜሪካ ተመልካች እንዲመች ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ አፍሪካዊቷ አገር ዋስትናውን ሰጠች፤ እንቅልፏንም አጣች። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ናይጄሪያዊው ዲክ ታይገር በኢባዳን ከተማ ጂን ፉልመርን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮንነቱን በወገኖቹ ፊት አስከብሯል። ይኸው ሰው ሁለት ጊዜ የመካከለኛ ሚዛን፤ አንድ ጊዜም የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በኒው ዮርክ የሙዚየም ዘበኛ ሆኖ ሠርቶ፤ ታሞም ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1971 ዐረፈ። ትርፍ የሚቆጠረው ግጥሚያው ባለቀበት ሌሊት ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ጓንቱን ከሰቀለ በኋላ ምን ይዞ ቀረ ተብሎ ነው።

በአገራችን ቦክስ በአመዛኙ በክለብ የሚያዝ የአማተር ስፖርት ነው። ኢትዮጵያውያን ቦክሰኞች እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጀምሮ በዓለም መድረክ ተሰልፈዋል፤ ሆኖም አገራችን በኦሎምፒክ ያገኘችው ሜዳይ ሁሉ የመጣው ከሩጫ ነው። ስለዚህ ስፖርተኛ ለላቡ እንዴት ዋጋ እንደሚያገኝ የአገራችንን ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ወደ ሯጮቹ ማዞር አለበት። አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ሲያሸንፍ የነበረው የአማተር ደንብ ለድሉ ገንዘብ እንዲቀበል አይፈቅድለትም ነበር፤ ያገኘው ማዕረግና ከንጉሠ ነገሥቱ የተሰጠው የቮልስዋገን መኪና ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ግን በጥር ወር 2000 ዓ.ም. የዱባይን ማራቶን ሲያሸንፍ 250,000 ዶላር ተቀበለ። ታምራት ቶላም እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ለወርቅ አሸናፊዎች የመደበው 50,000 ዶላር ነበር።

እዚህ ላይ ሩጫንና ቦክስን የሚለያየው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ሩጫው ከመጀመሩ በፊት የሽልማቱ ልክ ታውጆ ስለሚታወቅ ኋላ የሚመጣውም ሆነ ፊት የሚቀድመው የሚሮጥበትን ዋጋ ያውቃል። የሯጭ ወኪልም በተለመደው ደንብ የሚወስደው ከመቶ 15 ያህል ነው። የቦክሰኛው ወኪል ከሚወስደው ሲሶ ጋር ሲነጻጸር ከግማሹ ያነሰ ነው። ሯጮቹ በወኪል የሚበደሉበት ጊዜ የለም ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን ጠቅላላው ገንዘብ በአደባባይ የታወቀ ስለሆነ ጉድለቱ ቢፈጠር እንኳ የት እንደ ጎደለ ይታያል።

ግጥሚያ ማዘጋጀት በአገራችንም አትራፊ ሥራ ሊሆን እንደሚችል የሚያስረዳው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሯጮች የተጀመረው ይህ ውድድር ሕዝቡን ተመልካች ብቻ ሳይሆን ከፋይ ተሳታፊ አደረገው፤ ነጋዴዎችም ስማቸውን በካናቴራው ላይ ለማስጻፍ ገንዘብ አወጡ። ማንም ሰው ደሙን ሳያፈስ፤ ማንም ሳይታለል፤ አንድ ትልቅ የንግድ ሥራ ቆመ። ለቆቦ ነጋዴ ከላስ ቬጋስ ይልቅ ይህ ይቀርበዋል።

ቆቦና አካባቢዋ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ የተጎዱ ናቸው፤ የነጋዴውም ካፒታል ገና አላገገመም። ስለዚህ ማንም ነጋዴ ዛሬ ተነሥቶ ታላቅ ግጥሚያ ያዘጋጅ የሚል ምክር ከንቱ ነው። ነገር ግን ትንሽም ሆነ ትልቅ፤ ቦክስም ሆነ ሩጫ፤ ነጋዴ ገንዘቡን አውጥቶ በወጣት ጉልበት ትኬት የሚሸጥበት ጊዜ ሲመጣ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አምስት ነገሮች ሊጠበቁ ይገባል።

አንደኛ፤ ውል በጽሑፍ ይሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የጸና መሆኑን ይደነግጋል። ማንበብ ለማይችለው በምስክሮች ፊት ይነበብለት፤ አንዱ ቅጂም ለራሱ ይሰጠው። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ደግሞ ያለ አሳዳሪው ለውል አይቅረብ።

ሁለተኛ፤ የተጋጣሚዎቹ ዋጋ ጓንት ከመታሠሩ በፊት በባንክ ይቀመጥ። ከግጥሚያው በኋላ ገቢው ታይቶ ይከፈልሃል የሚል ተስፋ፤ ቀብድ ሳይከፍል በሬ ነድቶ እንደሚሄድ ገዢ ያለ ነው።

ሦስተኛ፤ ወኪልና አዘጋጅ አንድ ሰው ወይም የአንድ ቤት ሰዎች አይሁኑ፤ የወኪሉም ድርሻ ሯጮቹ ከለመዱት ከመቶ 15 አይለፍ።

አራተኛ፤ የሐኪምና የሕክምና ገንዘብ ከማናቸውም ወጪ በፊት ይመደብ። ጡጫ አንጎልን እንደሚጎዳ አሜሪካዊው ሐኪም ማርትላንድ እ.ኤ.አ. በ1928 ከጻፈ ወዲህ ነገሩ ተደብቆ የሚኖር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም በ14ኛው ዙር ተመትቶ ከሞተ በኋላ ነው የዋንጫ ግጥሚያ ከ15 ዙር ወደ 12 ዝቅ እንዲል የተደረገው። ሦስቱ ዙር የተቀነሰው በአንድ ሰው ሕይወት ዋጋ ነው። ሐኪም ለማቅረብ አቅም የሌለው አዘጋጅ ቦክስን ትቶ የሩጫ ውድድር ያዘጋጅ።

አምስተኛ፤ ግጥሚያው በተፈጸመ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቢውና ወጪው ተጽፎ ለተጋጣሚዎቹ ይሰጥ፤ ንግድ ምክር ቤቱም ቅጂውን ተቀብሎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ።

ይህን ያህል ግዴታ ከተጫነበት ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ይጠፋል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው ተራ ወሬ አይደለም፤ አነስተኛ ካፒታል ያለው ነጋዴ ገንዘቡን አስቀድሞ በባንክ ማሠር ይከብደዋልና። ነገር ግን ነጋዴዎች ለጋራ ሥራ የቆየ መድኃኒት አላቸው፤ እርሱም ሽርክና ነው። አንዱ ብቻውን የማይችለውን አምስት ሆነው ያዋጣሉ፤ ትርፉንም ኪሣራውንም ይካፈላሉ። ከዚህ ሌላ ሚዛኑ የታመነ ገበያ እህሉን ከሮቢትም፣ ከጎብዬም፣ ከዋጃም እንደሚስብ የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ የተታለለ ባለግመል ግን በሚቀጥለው ሳምንት ግመሉን ወደ ሌላ ገበያ ይነዳል። ቦክሰኛም ተመልካችም እንደዚሁ ናቸው፤ ግጥሚያው የተሸጠ ነው ወይም ልጁ ተበልቷል የሚል ወሬ አንድ ጊዜ ከወጣ ሁለተኛውን ትኬት የሚገዛ አይገኝም። ስለዚህ ግልጽ ሒሳብ ለአዘጋጁ ሸክም ሳይሆን የነገ ገበያው መያዣ ነው።

ማሽላ በአንድ ዓመት ቢከስር በሚቀጥለው ዓመት ተዘርቶ ይታፈሳል። በሬም ቢታረድ ጥጃው ይተካዋል። የአንድ ወጣት ዓይንና አንጎል ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ የሚተካው የለም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለገበያ ያቀረበ ሰው የቀረበበትን ዋጋ፤ የተቀነሰበትን ሒሳብና ያተረፈውን ሰው የማወቅ መብት አለው። የቆቦ ነጋዴ እህል በሚዛን ሲሸጥ ሚዛኑን ከጨርቅ በታች አይሰውርም። የሰው ጉልበት በሚሸጥበት ቀንም ሚዛኑ በአደባባይ ይቁም።